አፍንጫዋን የታመመች መኪና

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። አንድ ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ስለ ኦክስጅን ካስተማረ በኋላ፣ ፀጉሩ ከሸበተ ወዲያ በዚያው በኦክስጅን ምክንያት ካርቱም ድልድይ ላይ ቆሞ ቢዋረድ ጥፋቱ የማን ነው? የኦክስጅኑ ነው? የመኪናዋ ነው? የራስህ ነው የሚሉኝ አሉ። ባለቤቴ ስንዱ ከነሱ አንዷ ናት።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። አገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ መምህር ነበርኩ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። እጄን ካወጣሁ በኋላ ያለው ታሪክ ረጅም ስለሆነ ልዝለለውና፣ ካርቱም ደረስኩ። እዚህ ኬሚስትሪ የሚፈልግ ሰው ስላላገኘሁ መኪና መንዳት ጀመርኩ። መኪናዋ ትንሽዬ ነጭ የኮሪያ መኪና ናት። ነጭ የምላት ሊብሬዋ ላይ እንደዚያ ስለሚል ነው እንጂ የካርቱም አቧራ በማንም መኪና ላይ የራሱን ቀለም ሳይቀባ አያልፍም። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ እኔ ሳልገዛት በፊት አንድ ቁጥር ላይ ቆሟል። አላስጠገንኩትም። ዕድሜዋን ባላውቅ ይሻላል ብዬ ተውኩት።

ቀን ቀን ዐማራት ወዳሉት ቢሮዎች ሰው አመላልሳለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን መጀመሪያ ወይንሸትን ከሶባ ካፉሪ አደርሳለሁ። ወይንሸት ሶባ የእኛው ሠፈር ልጅ ናት፤ ካፉሪ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ትሠራለች። ሶባ የካርቱም መጨረሻ ነው፣ ካፉሪ ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ የሀብታሞች ሠፈር ነው። በባስ የሄደ ሰው ጠዋቱን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። እሷም በባስ ስትሄድ ሁለት ጊዜ አርፍዳለች። እመቤቷ ሲት ናዲያ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሦስተኛ ካረፈድሽ ግን ሌላ ሰው እፈልጋለሁ ብላታለች። በዚያ ላይ የወይንሸት ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀቷ ማለቴ ነው፣ ጊዜው ሊያልፍ የቀሩት ጥቂት ቀናት ናቸው። ሲት ናዲያ ሐሙስ ጠዋት ወረቀቱን የሚያድሰው ቢሮ ድረስ አብራት ሄዳ ዳሚን ልትሆንላት፣ ማለትም ልትዋሳት፣ ቃል ገብታለች። ወረቀት የሌለው ሰው ካርቱም ውስጥ እንዴት እንደሚራመድ ያየ ያውቀዋል፤ ግድግዳ ግድግዳውን ነው።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ቢጫዋ መብራት የበራችው የዚያው ሳምንት እሑድ ስለሆነ ነው። እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነው። ድልድዩን ስናጋምስ ክሩስኮቱ ላይ፣ ከመሪው ጀርባ፣ አንዲት ነገር ቦግ አለች። ለእኔ የውሃ ቧንቧ መሰለችኝ። ወይንሸት ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ናት አለች። ስንዱ በኋላ ስታያት ዶሮ ናት ብላለች። ሦስታችንም የየራሳችንን አየን እንጂ ሞተር ናት ያለ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ይቺ መብራት ምንድን ናት?» አለችኝ ወይንሸት።

አላውቅም ማለት ቀላል ነበር። ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥያቄ ሲቀርብለት መልስ መስጠት የለመደ አፍ አለኝ፤ ጥያቄ ሲሰማ እኔን ሳያማክር ይከፈታል።

«የሙቀት መብራት ናት። ሞተሩ መሞቁን ታሳውቃለች» አልኳት።

«ዛሬ ግን አየሩ ቀዝቀዝ ብሏል።»

«ለዚያ እኮ ነው ቢጫ የሆነችው። ቢሞቅ ቀይ ትሆን ነበር።»

«እሺ ጋሼ» ብላ ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች። በሰዓቱ አደረስኳት። ወደ ሶባ ስመለስ ግን መብራቷ አልጠፋችም። መኪናዋ ሳትቆም እንድትሄድልኝ አጥብቄ የምፈልገው በዚያ ሳምንት ነበርና፣ ቤቴ በር ላይ አቁሜ ኮፋኖ ከፈትኩ።

ስህተቴ እዚህ ላይ ይጀምራል። ካርቱም ውስጥ መንገድ ላይ ኮፋኖ አይከፈትም። ሱዳኖች ፈዝዓ የሚሉት ነገር አላቸው። አንድ ሰው ሲቸገር ያየ ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የያዘውን ጥሎ ይደርስለታል። መልካምነታቸውን በምን ቃል ልግለጸው፤ ወድቄ ያነሱኝ እነሱ ናቸው። እኛ ደግሞ ይሉኝታ አለን። አንድ ሰው ሊረዳህ እጁን ሲሰነዝር፣ እጁ የተሰነዘረው ደህና ወደሆነው የመኪናህ ክፍል ቢሆንም፣ ተው ማለት ነውር ነው። እንግዲህ ካልረዳሁ የሚልና እምቢ ማለት የማይችል ሰው አንድ ኮፋኖ ላይ ሲገናኙ መኪናው ምን እንደሚሆን አስቡት።

መጀመሪያ ዳቦ ገዝቶ የሚመለስ አንድ ሰውዬ ቆመ። ዳቦውን ባትሪው ላይ አስቀምጦ ካንዴላ ነው አለ። ቀጥሎ ረክሻ የሚነዳ ወጣት መጣ፤ ባለ ሦስት እግር ታክሲውን መንገድ መሀል አቁሞ፣ ቤንዚኑ ውሃ አለው አለ። ከሠፈራችን ሆስፒታል የሚመለስ አንድ የሕክምና ተማሪ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ ጠጋ ብሎ የራዲያተሩን ክዳን እንደ ሕፃን ግንባር በእጁ ጀርባ ዳሰሰው። ትኩሳት የላትም አለ። እያንዳንዱ የሚመስለውን ነገር እየነቀለ፣ እፍ እያለ መልሶ ይሰካል። እኔ «ሹክረን፣ ሹክረን» እያልኩ በየተራ አመሰግናለሁ።

በመጨረሻ ጎረቤቴ ዓም ባቢከር ነጭ ጀለቢያውን ሰብስቦ ሲመጣ ሁሉም ቦታ ለቀቀለት። ዓም ባቢከር የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ባቡር የሚያህል ነገር ላይ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ለዚች ለእኔ ሚጢጢ ሞተር አያንስም ብለን ሁላችንም አምነንበታል። ባቡር ላይ ትኬት ይበሳ እንደነበር ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

«ያ ኡስታዝ» አለኝ። እዚህ አስተማሪ ነበርክ ከተባልክ ዕድሜ ልክህን ኡስታዝ ነህ። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም። ባትሪውን ፍታው። ማሽን እንደ ሰው ነው፣ ሲሰለቸው ማረፍ አለበት።»

ባትሪው ተፈታ። ዓም ባቢከር እስከ መቶ ቁጠሩ አለና ሁላችንም መንገድ ዳር ቆመን በዓረብኛ ቆጠርን። ሰባዎቹ ላይ እኔ ተሳሳትኩና እንደገና ጀመርን። ባትሪው ታሰረ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ቢጫዋ መብራት ጠፍታለች። ሬዲዮው ጣቢያዎቹን በሙሉ ረስቷል፣ ሰዓቱም እኩለ ሌሊት ይላል፤ ግን መብራቷ የለችም። ሁሉም «አልሐምዱሊላህ» አለ። ሰውዬው ዳቦውን አነሳ፣ ዓም ባቢከር ቤት ገብተን ሻይ ጠጣን።

«ምን ሆና ነው?» አለችኝ ስንዱ ስገባ። በመስኮት ስታየን ኖሯል።

«ባትሪዋ ደክሟት ነበር። አሳረፍናት።»

ስንዱ አየችኝና ዝም አለች። ስንዱ ዝም ስትል አመነችኝ ብዬ ነው የምወስደው።

ሰኞ ጠዋት ወይንሸት ገና መኪና ውስጥ እንደገባች፣ «ጋሼ፣ የሐሙሱን አይርሱብኝ። ልክ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የቪላው በር ላይ ካላገኘችኝ ሲት ናዲያ ትታው ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ሌላ ቀን የላትም» አለችኝ።

«አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ እዚያ ነሽ» አልኳት። አፌን ሳልዘጋ ድልድዩ ላይ ወጣን፤ መብራቷም ቦግ አለች። እሷም አየች፣ እኔም አየሁ። ትንሽ ቆይቼ የመነጽሬን ማኅደር አወጣሁና እንደዋዛ መብራቷ ፊት አስቀመጥኩት።

ወይንሸትን አድርሼ በቀጥታ ወደ ጋራዦች ሠፈር ነዳሁ። እዚያ ኢድሪስ የሚባል መካኒክ አለ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የሚሰማ ሰው ነው። ከመሪው ሥር አንዲት መዳፍ የምታህል ማሽን ሰካ፣ ጥቂት ቁልፎች ተጫነ፣ አነበበ።

«ኦክስጅን ሴንሰር» አለ።

ያሾፈብኝ መሰለኝ። ኬሚስትሪ አስተማሪ እንደነበርኩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ኦክስጅን?» አልኩት።

«አይዋ፣ ኦክስጅን።»

ግራ ገባኝ። ኦክስጅን እኔ ሳውቀው ሰሌዳ ላይ ነው። ቀይ ጠመኔ እመድብለት ነበር። ቤንዚን ውስጥ፣ ጭስ ውስጥ፣ ያውም የእኔ መኪና ሆድ ውስጥ ምን ይሠራል? ኢድሪስ ፊቴን አይቶ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ከሞተሩ ጭሱ የሚወጣበት ቱቦ ላይ አንዲት አፍንጫ ተተክላለች። ጭሱ ውስጥ ሳይቃጠል የቀረ ኦክስጅን ስንት እንደሆነ እያሸተተች ለኮምፒውተሩ ትናገራለች። ኦክስጅን በዛ ካለች ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል፣ አነሰ ካለች ይቀንሳል።

«ኦክስጅን እኮ ሽታ የለውም» አልኩት።

ኢድሪስ ትንሽ አሰበና፣ «መኪናዋ ትምህርት ቤት አልገባችም» አለኝ።

«ዕድሜዋስ ስንት ነው?»

«እንደ ነዳጁ ነው፣ እንደ አያያዙም ነው። መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚደክማት አለች፣ ከዚያም በላይ የምትሄድ አለች። ያንተ መኪና ስንት ሄዳለች?»

ቆጣሪውን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየው። «ይሄ ቆሟል።»

«አዎ።»

«መቼ ቆመ?»

«ሳልገዛት።»

ኢድሪስ ቀና አለና እጁን መጥረጉን ቀጠለ። ከዚያ የተናገረው አሁን ነው በቅጡ የገባኝ። ማሽኑ አፍንጫዋ የምትናገረው አላማረኝም አለ እንጂ አፍንጫዋ ሞታለች አላለም። ከአፍንጫዋ በፊት ቱቦው የሆነ ቦታ ከተከፈተ ከውጭ አየር ይገባል፤ አፍንጫዋም ያሸተተችውን አየር እውነቱን ስትናገር ኮምፒውተሩ ውሸቷን ነው ይላል። «እስከ ነገ ማታ እዚህ ተዋት፣ ቱቦውን ልይልህ። ዝም ብለህ አዲስ አትግዛ። ፈሂምታ?»

ገባህ ወይ ማለቱ ነው። ግማሹ አልገባኝም ነበር። ግን «ተማም፣ ተማም» አልኩት፤ እሺ፣ ገብቶኛል ማለቴ ነው። ነገ ጠዋት ወይንሸትን የሚያደርስ ስለሌለ መኪናዋን መተው አልችልም ብዬ ይዣት ሄድኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ይሄ ምክንያት ባይኖርም ይዣት የምሄድ ይመስለኛል። እዚያ ብቆይ ድጋሚ ፈሂምታ ይለኛል።

ሶባ ስደርስ ነገሩን ለዓም ባቢከር አጫወትኩት፤ መኪናዋ አፍንጫዋን ታማለች አልኩት። እሱ የሰማው ይሄንኑ ብቻ ነው። ዘሎ ረክሻ ላይ ወጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ፤ አዲስ ሴንሰር ነው። የእህቱ ልጅ መለዋወጫ ይሸጣል።

«ዓም ባቢከር፣ መካኒኩ አትግዛ ብሎኛል።»

«አንተ መች ገዛህ? እኔ ነኝ የሰጠሁህ። ያ ኡስታዝ፣ ጎረቤቴ ነህ፣ አታሳፍረኝ።»

ይሄን የሚመልስ አበሻ ካለ ይምጣና ያስተምረኝ። ኮፋኖው ተከፈተ። የእሑዶቹ ሰዎች በሙሉ ተመልሰው መጡ፤ አንዳንዱ ወንድሙን ይዞ ነው የመጣው። የሕክምና ተማሪው መፍቻ ሲጠየቅ እንደ ቀዶ ጥገና እያቀበለ አሮጌው ሴንሰር ተነቀለና አዲሱ ገባ። ባትሪው ተፈታ፣ እስከ መቶ ተቆጠረ፣ ታሰረ። ሞተሩ ሲነሳ መብራቷ የለችም። አሮጌውን ሴንሰር በዚያው ጋዜጣ ጠቅልዬ ከትርፍ ጎማው ጋር አስቀመጥኩት።

ይሄን ጊዜ ነው ረክሻ ነጂው ጆሮውን ዘንበል አድርጎ፣ «ፉጨት አለ» ያለው። እውነቱን ነው። ቱቦው ከሞተሩ ጋር ከሚጋጠምበት ቦታ እስስስ የሚል ድምፅ ይሰማል። ኢድሪስ ቱቦው ከተከፈተ ያለው ትዝ አለኝ። ግማሹ የገባኝ ይሄ ነበርና፣ አሁን ሙሉ በሙሉ የገባኝ መሰለኝ። ቤት ገብቼ የመታጠቢያ ቤቱን ስንጥቅ የደፈንኩበትን ሲሊኮን ይዤ ወጣሁ።

እዚህ ላይ ማንም አልገፋኝም። ዓም ባቢከርም አልገፋኝም። የራሴ ሐሳብ ነው። እንዲያውም ከመቀባቴ በፊት ለተሰበሰበው ሰው ሲሊኮን ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደሚሠራ፣ ሰንሰለቱ እንዴት እንደሚያያዝ፣ ጣቴን አየር ላይ እያንቀሳቀስኩ አስረዳሁ። አሥራ ምናምን ሰው አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ካርቱም ከገባሁ እንደዚያ ያለ ክፍል አስተምሬ አላውቅም። ሲሊኮኑን እስኪያልቅ ድረስ ጨምቄ ቀባሁት፤ ፉጨቱም ቆመ።

«ወላሂ፣ ኡስታዝ ማለት ይሄ ነው» አለ ዓም ባቢከር። የዚያን ዕለት እራት የበላሁ አይመስለኝም፤ ጠግቤ ነበር።

ማክሰኞም ረቡዕም መብራቷ አልበራችም። የመነጽር ማኅደሬን አነሳሁ። ለወይንሸት መንገዱን ሙሉ ስለ አፍንጫዋ ሳብራራላት «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» እያለች ሰማችኝ። ማክሰኞ የተቃጠለ ፕላስቲክ የመሰለ ነገር ሸተተን፤ የአዲስ ዕቃ ሽታ ነው አልኳት። ረቡዕ መኪናዋ ቤንዚን እንደ ውሃ ትጠጣ ጀመር፣ ከኋላም ጥቁር ጭስ ታየኝ። ይሄንን ለወይንሸት አልነገርኳትም፤ ለራሴም ቢሆን በደንብ አልነገርኩትም።

ሐሙስ ደረሰ። ከሶባ የወጣነው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ወይንሸት ነጭ ነጠላዋን አድርጋ፣ ፎቶዎቿንና ፓስፖርቷን የያዘ ፋይል ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ድልድዩ መሀል ስንደርስ መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተንገጫገጨች፣ ቢጫዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች፣ ከኋላችን ያለው መንገድ በጥቁር ጭስ ተሸፈነ፤ ሞተሩም ቀጥ አለ። ሰዓቴን አየሁ። አንድ ሰዓት ከአምስት።

ቁልፉን ደጋግሜ አዞርኩ። እ-እ-እ ትላለች እንጂ አትነሳም። ከመኪናዋ ሳልወርድ ኮፋኖው በሌላ ሰው ተከፍቷል። ስወርድ ስምንት ሰዎች ደርሰዋል። አንዱ ፓምፕ ነው ይላል፣ አንዱ የሞተሩ ነገር አክትሟል ይላል፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ለእኔ ውሃ ያቀርባል። ከታች ዓባይ፣ ያገሬ ሰው፣ እንዳላወቀኝ ዝም ብሎ ይሄዳል።

«ወይንሸት፣ አንቺ በባስ ሂጂ» አልኳት በመስኮቱ። ከዚያ ወዲያው ያ አፌ፣ «ግን አሁን ትነሳለች፣ ነገሩን አውቄዋለሁ» አለ።

«እንግዲያስ እጠብቅዎታለሁ ጋሼ። በዚህ ሁኔታ ጥዬዎት አልሄድም።»

አያችሁ የሠራሁትን? አውቄዋለሁ ካልኳት በኋላ ተነስታ ብትሄድ አላመንኩዎትም ማለቷ ነው። እንደ አባት የምታየኝ ልጅ ይሄንን በምን አንደበቷ ትላለች? ባሶች አጠገባችን ያልፋሉ። ረዳቶቹ በር ላይ ተንጠልጥለው «ባሕሪ፣ ባሕሪ» እያሉ ወንዝ ማዶ የሚሻገረውን ይጣራሉ። ወይንሸት ፋይሏን አቅፋ ተቀምጣለች። አንድ ሰዓት ከሩብ። አንድ ሰዓት ከሃያ። እኔ አንዱን ሽቦ ነቅዬ ሌላውን እሰካለሁ። ምን እንደምነቅል አላውቅም፤ እጄ ባዶ ሆኖ እንዳታየኝ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሞላ ሰዓቴን ማየት ፈራሁ። የሰው ልጅ ወረቀት፣ የሰው ልጅ ሥራ፣ አላውቅም ማለት ባለመቻሌ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲቃጠል አየሁ።

እጄን ከሞተሩ አወጣሁና ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

«ወይንሸት፣ መኪናዋ ምን እንደሆነች አላውቅም። እሑድም አላውቅም ነበር። ሙቀት ነው ያልኩሽ ከራሴ ፈጥሬ ነው። ስለ ቢጫና ስለ ቀይ ያልኩሽም ውሸት ነው። አትነሳም። ሂጂ።»

ሰዎቹ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ። «ማ ዓሪፍ» አልኳቸው፤ አላውቅም ማለት ነው። ሽማግሌው ትከሻዬን ያዘ። ወይንሸት ግን በሩን ከፍታ የወረደችው ቃሌን እየጠበቀች የነበረች ያህል ፈጥና ነው። ሦስት ሰዎች መንገድ መሀል ገብተው እጃቸውን ዘርግተው አንድ ባስ አስቆሙላት። ለሾፌሩ ጉዳዩን በአንድ አፍ ነገሩት፤ የተቀመጠ ሰው ተነስቶ ቦታ ሲለቅላት አየሁ። ባሱ ሄደ። እኔ የድልድዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አፈርኩ። አልቅስ አልቅስ አለኝ፤ ስምንት ሰው ስለከበበኝ ተውኩት።

አንድ ባለ ፒክአፕ በገመድ ጎትቶ ኢድሪስ ዘንድ አደረሰኝ። የሆነውን መንገድ ላይ ነግሬው ስለነበር መጨረሻውን ሳላይ አልሄድም ብሎ አብሮኝ ቆመ። ኢድሪስ ከመኪናዋ ሥር ገባ፣ ሴንሰሩን ነቅሎ ይዞ ወጣ። ጫፉ እንደ ጠመኔ ነጭ ሆኗል።

«ሲሊኮን ማን ቀባው?» አለ።

ዓም ባቢከር እዚያ የለም። የሕክምና ተማሪውም የለም። «እኔ» አልኩ።

«ምን ነበር የምታስተምረው?»

«ኬሚስትሪ።»

ኢድሪስ እጁን መጥረግ ጀመረ። ባለ ፒክአፑም ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ሲግል የሚያወጣው ተን የሴንሰሩን አፍንጫ ሸፍኖ እንደሚያፍነው፣ በሦስት ቀን ማሽተት የተወችው እኔ ራሴ ስላፈንኳት እንደሆነ ነገረኝ። ኮምፒውተሩም የሚነግረው ቢያጣ ቤንዚን በላይ በላይ ሲያፈስ ነበር። ከዚያ አሮጌውን ጠየቀኝ። ከትርፍ ጎማው ሥር አውጥቼ ሰጠሁት። የቱቦውን ጓርኒሲዮን፣ መጋጠሚያው ላይ ያለውን ማሸጊያ፣ በአዲስ ቀይሮ፣ ሲሊኮኔን ፋቅፍቆ ጥሎ፣ አሮጌውን ሴንሰር መልሶ ሰካው። መኪናዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች፤ መብራቷም ጠፋች።

«ይሄኛው ምንም አልሆነም» አለኝ። «እስክትነቅለው ድረስ ቱቦው ተከፍቷል ሲልህ ነበር። ፈሂምታ?»

«ግማሹን» አልኩት። ሳቀና ድጋሚ አስረዳኝ።

ሶባ ስመለስ በወይንሸት በር ላለማለፍ ዙሪያውን ዞርኩ። ቤት ገብቼ ለስንዱ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ድልድዩን፣ አላውቅም ማለቴን፣ ሰዓቱ ማለፉን። ስንዱ ምስር እየለቀመች ሰማችኝ። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ በሩ ተንኳኳ፤ ወይንሸት ናት። ፋይሏን ከፍታ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አሳየችኝ። ሲት ናዲያ ዋስ ሆናላታለች።

«ጠበቀችሽ ማለት ነው» አልኩ። «እግዚአብሔር ይስጣት። በስንት ሰዓት ደረስሽ?»

«ለሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ። በሩን ልትዘጋ ስትል።»

«ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ቆማ ጠበቀችሽ?»

ወይንሸት መሬት መሬቱን አየች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። ቀጠሮው ሁለት ሰዓት ነበር። ለእርስዎ ግማሽ ሰዓት ቀንሼ ነው የነገርኩዎት። ዛሬ ግማሽ ሰዓቷም ልታልቅ ስትል እንዴት እንደተጨነቅኩ አልነግርዎትም።»

«ታዲያ እዚያ ድልድይ ላይ ያን ያህል ስሰቃይ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት ብዬ ጋሼ? መኪና አያውቁም ብዬ ነው ልበልዎት?»

ወረቀቷን ልታጣ እየደረሰች እኔን ላለማሳፈር ዝም ያለች ልጅ ፊት ምን ይባላል? «ለመሆኑ ግማሽ ሰዓት ቀንሺ ያለሽ ማን ነው?» አልኳት።

የወይንሸት ዓይን ወደ ስንዱ ሄደ። ስንዱ ምስሯን መልቀም አላቋረጠችም።

«አንቺ ነሽ?»

«እሑድ ኮፋኖውን ከፍተህ ሳይህ ማታውኑ ሄጄ ነገርኳት» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው መኪና እንደማላውቅ ያወቅሽው?»

«ከሠርጋችን ዕለት ጀምሮ። የሙሽራው መኪና መንገድ ላይ ቆሞብን፣ ሱፍህን እንደለበስክ ወርደህ ኮፋኖውን ከፍተህ፣ ሹፌሩ መጥቶ ቤንዚን አልቋል እስኪል ድረስ ለሚዜዎችህ በሙሉ ስታስረዳ።»

ስንት ዓመት ሆነው። «ያን ጊዜውኑ ካወቅሽ» አልኳት፣ «ለምንድን ነው ይሄን ሁሉ ዓመት ዝም ያልሽኝ?»

ስንዱ አንዲት ጠጠር ከምስሩ አወጣችና ወደ ደጅ ወረወረቻት።

«ስታስረዳ ደስ ሲልህ አያለሁዋ» አለችኝ።